አሮጌ አምፕሊፋየር በድሬዳዋ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚራ አካባቢ ያረጀ ቤት ሲሸጥ ወይም ሲታደስ፣ ከሳሎኑ ብፌ ላይ አንድ ፊቱ ብርማ የሆነ ከባድ ሣጥን መውረዱ አይቀርም። ዳንቴል ለብሷል፤ ዳንቴሉ ላይ ደግሞ የፕላስቲክ አበባ ተቀምጧል። ከዚያ ፎቶው ስልኬ ላይ ይደርሳል፦ «ስንት ያወጣል?»

እነዚህን ዕቃዎች ድሬና ሐረር ውስጥ ስገዛ፣ ስጠግን፣ አንዳንዴም ሳቃጥል ብዙ ዓመት ሆኖኛል። የሚጠየቀው ሁሌም ያው ስለሆነ መልሱን አንዴ ጽፌ ልገላገል ብያለሁ። አሮጌ የምለው ከ1960ዎቹ አጋማሽ እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ የተሠራውን ነው። ዕቃዎቹ የፈረንጅ ስለሆኑ ዓመቶቹም በፈረንጅ ናቸው፤ በእኛ አቆጣጠር ስናገር «ዓ.ም.» እላለሁ።

የድሮ አምፕሊፋየር ድምፁ እውነት ከአሁኑ ይበልጣል?

ከየትኛው የአሁን ጋር? እዚህ ድሬ ታይዋን በሚባለው ገበያ ከተደረደሩት፣ መብራታቸው እየተንቦገቦገ «3000 ዋት» ከተጻፈባቸው ስፒከሮች ጋር ከሆነ አዎ፣ ለውድድርም አይቀርቡም። በሥርዓት ከተሠራ የዛሬ አምፕሊፋየር ጋር ከሆነ ግን አይበልጥም። ይህን ስል የሚቆጡ ወዳጆች አሉኝ፤ ይቆጡ።

የአምፕሊፋየር ሥራ ከቴፑ ወይም ከስልኩ የመጣችውን ትንሽ ምልክት ምንም ሳይጨምር ሳይቀንስ አሳድጎ ለስፒከሩ ማቀበል ነው። ሁለት ጤነኛ አምፕሊፋየሮች ከአቅማቸው በታች ሲሠሩና የድምፃቸው መጠን ተለክቶ እኩል ሲደረግ፣ የትኛው እየተጫወተ እንደሆነ ሳያይ የሚለይ ሰው ማግኘት ከባድ ነው። ነገሩ ያለው «ተለክቶ እኩል ሲደረግ» የምትለዋ ላይ ነው። አንዱ በአንድ ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ ነው) ብቻ ከፍ ቢል ጆሮ «ጮኸ» አይልም፣ «ጠራ» ነው የሚለው። ሻጮች ይህን ጠንቅቀው ያውቃሉ፤ ሊሸጡት የፈለጉትን ሲያሰሙ ቮልዩሟን ነካ ያደርጓታል።

በ1985 ቦብ ካርቨር የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ የራሱን የትራንዚስተር አምፕሊፋየር ነካክቼ በጣም ውድ ከሆነ የቫልቭ አምፕሊፋየር (በትራንዚስተር ፋንታ እንደ አምፖል የሚግል የመስታወት ቱቦ ካለው) እንዳይለይ አደርገዋለሁ ብሎ ከአንድ የድምፅ መጽሔት አዘጋጆች ጋር ተፎካክሮ ነበር። አደረገውም፤ አዘጋጆቹ መለየት አቃታቸው። በቫልቭ ውስጥ ተደብቋል የሚባለው ድምፅ ሊለካና ሊቀዳ የሚችል ነገር ነበር ማለት ነው።

ታዲያ የአባቶቻችን ዕቃ ለምን ያምራል? አንደኛ፣ አብሮት የመጣው ስፒከር ባለ 10 ወይም ባለ 12 ኢንች፣ የእንጨት ሣጥኑም ቁም ሣጥን የሚያክል ነበር። የሰማችሁት ልዩነት አብዛኛው የእሱ ነው። ሁለተኛ፣ ትራንስፎርመሩ ከባድ ስለሆነ ከበሮው ሲመታ ትንፋሽ አያጥረውም። ሦስተኛው የቁልፉ ነገር ነው፤ የብረቱን የቮልዩም ቁልፍ ስታዞሩት ያለው ክብደትና ልስላሴ። እሱን እኔም አልክድም፤ ግን ጣት የሚደሰትበትን ጆሮ ላይ አንለጥፍ።

ድሮ 30 ዋት ተብሎ ቤት የሚያናውጠው፣ ዛሬ 1000 ዋት ተብሎ የሚያቃስተው ለምንድን ነው?

ዋቱ ስለሚዋሽ ነው። ድሮም ይዋሽ ነበር። በ1960ዎቹ አሜሪካ ውስጥ እያንዳንዱ አምራች በራሱ መንገድ ለክቶ ደስ ያለውን ቁጥር ሣጥኑ ላይ ይጽፍ ነበር። በ1974 የአገሪቱ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ሕግ አወጣ፦ ዋት የሚጻፍ ከሆነ ለእያንዳንዱ ቻናል (ለግራውም ለቀኙም ለየብቻ)፣ ያለማቋረጥ፣ የድምፁ መዛባት ስንት በመቶ እንደሆነ ተገልጾ ይጻፍ ተባለ። ከመለካቱ በፊት ደግሞ አምፕሊፋየሩ ባለው ኃይል ሢሶ ለአንድ ሰዓት እየሠራ ይሙቅ። ትንሽ ይመስላል፤ ግን የዚያ ዘመን አምፕሊፋየር በጣም የሚሞቀው ሙሉ ኃይሉን ሲያወጣ ሳይሆን ሢሶው አካባቢ ሲሠራ ነው። ስለዚህ ፈተናውን ለማለፍ ትልቅ ትራንስፎርመርና ትልቅ የሙቀት ማስወጫ አሉሚኒየም ግድ ሆነ። ዛሬ ስታነሡት ወገባችሁን የሚይዛችሁ ብረት በከፊል የዚያ ሕግ ውጤት ነው።

ከዚያ ጃፓኖቹ እሽቅድምድም ውስጥ ገቡ። ፓዮነር በ1976 ኤስኤክስ-1250ን በቻናል 160 ዋት አድርጎ አወጣ፤ በ1978 ኤስኤክስ-1980 በቻናል 270 ዋት ይዞ መጣ፤ ክብደቱ 35 ኪሎ ገደማ ነው።

ውሸቱን ለመያዝ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። ዕቃውን አዙሩና ከኋላ ያለውን ሰሌዳ አንብቡ። ከሶኬት የሚስበው 45 ዋት ነው የሚል ከሆነ ፊቱ ላይ 3000 ቢጻፍም ከ45 በላይ ያለማቋረጥ ሊያወጣ አይችልም። ካልበላው ከየት ያመጣዋል?

ስንት ዋት ይበቃል ለሚለው፣ አብዛኛው የቤት ስፒከር በአንድ ዋት፣ በአንድ ሜትር ርቀት ከ87 እስከ 90 ዴሲቤል ይሰጣል። ይሄ ጎረቤት የሚሰማው ድምፅ ነው። ከ30 ዋት ወደ 60 ዋት ብትሄዱ የምታገኙት 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ለጆሮ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ ዋቱ አሥር እጥፍ መሆን አለበት። በ1978 የወጣው ናድ 3020 የሚባል አምፕሊፋየር በወረቀት ላይ 20 ዋት ብቻ ነበር፤ እስከ ዛሬ የሚፈልገው ሰው ግን ብዙ ነው። ለሠርግ ድንኳን ካልሆነ በቀር ዋት አትቁጠሩ።

አባቴ የተወልኝ አምፕሊፋየር አለ፤ 20 ዓመት አልተከፈተም። ሰክቼ ልሞክረው?

እህቴ፣ እባክሽ እንዳትሰኪው። መጀመሪያ የኋላውን ሰሌዳ አንብቢ። 100 ቮልት የሚል ከሆነ ለጃፓን ገበያ፣ 120 የሚል ከሆነ ለአሜሪካ የተሠራ ነው። እኛ ጋ ሶኬቱ 220 ነው። ከጅቡቲ በባቡር፣ ከጅዳ በሻንጣ የገባው አብዛኛው ዕቃ ለ220 የተሠራ ወይም ከኋላው የቮልት መምረጫ ያለው ነው፤ የመምረጫው ቀስት ግን የት ላይ እንደቆመ ማንም ዋስ አይሆንም።

የራሴን ልንገርሽ። የመጀመሪያዬን ስገዛ ሻጩ «አይሠራም» ብሎ በርካሽ ሰጠኝ። ቤት አድርሼ፣ ፊቱን ወልውዬ፣ ምሽት ላይ ጓደኞች ባሉበት ሰካሁት። የፊቱ አረንጓዴ መብራት እንደ ፀሐይ ቦግ አለ፤ አንድ ሰው «ይሠራል!» ብሎ አጨበጨበ። ቀጥሎ ከትራንስፎርመሩ ጉምምም የሚል ድምፅ፣ ከዚያ የተቃጠለ ቫርኒሽ ሽታ። ሰሌዳውን ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው፤ 120። ሽታው ከመጋረጃው እስኪለቅ ሁለት ሳምንት ፈጀ። የትራንስፎርመሩ መጠምጠሚያ ተቃጥሏል፤ እሱን ደግሞ ከማስጠምጠም ሌላ አምፕሊፋየር መግዛት ይረክሳል።

ቮልቱ ትክክል ቢሆንም እንኳ ብዙ ዓመት የተኛ ዕቃ በቀጥታ አይሰካም። ጠጋኙ ጋ ውሰጂውና «በአምፖል አስነሣልኝ» በይው። ባለ 60 ወይም ባለ 100 ዋት የድሮ ባለ ክር አምፖል፣ ኤልኢዲ አይሆንም፣ ከመብራቱ ሽቦ ጋር በተከታታይ ይገጠማል። ሲበራ አምፖሉ ቦግ ብሎ ወዲያው ከደበዘዘ ደህና ነው። ቦግ እንዳለ ከቀረ ውስጡ የተያያዘ ነገር አለ፤ ግን አምፖሉ ኤሌክትሪኩን ስለያዘው ምንም አልተቃጠለም። ይህን ስትጠይቂው ግር ያለው ጠጋኝ ካጋጠመሽ ዕቃሽን ይዘሽ ውጪ።

ባለ 120 ከሆነ ደግሞ አውራጅ ትራንስፎርመር ይገዛለታል። አምፕሊፋየሩ 200 ዋት የሚስብ ከሆነ የትራንስፎርመሩ አቅም ቢያንስ 300 ዋት ይሁን። ለአሜሪካ ብቻ የተሠራው 60 ኸርዝ (ኤሌክትሪኩ በሰከንድ የሚመላለስበት ቁጥር ነው) ለምዶ እኛ ጋ 50 ሲያገኝ ትንሽ ይበልጥ ይሞቃል። ጃፓን ውስጥ ግን ሁለቱም ኸርዝ ስላለ የጃፓኑ በዚህ አይቸገርም።

የድሬ ሙቀት ይጎዳዋል?

በጣም። እንዲያውም ይህን ሁሉ የምጽፈው ለዚህች ጥያቄ ብዬ ነው ማለት ይቻላል፤ ምክንያቱም ስለ ድምፅ የሚጨነቀው ሰው ሁሉ ስለ ሙቀት አይጨነቅም።

አምፕሊፋየር ውስጥ መጀመሪያ የሚያረጀው ካፓሲተር ነው፤ ያቺ ቆርቆሮ የመሰለች፣ ውስጧ ፈሳሽ ያለባት። ፈሳሹ ቀስ በቀስ ይደርቃል። በሙያው የታወቀው ስሌት እንዲህ ይላል፦ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜዋ በግማሽ ይቀንሳል። ላይዋ ላይ 85 ዲግሪ የሚል ተጽፎ ለ2000 ሰዓት ተሠርታለች እንበል። በ55 ዲግሪ 16,000 ሰዓት ትቆያለች፤ በ45 ዲግሪ 32,000።

አሁን ወደ ቤታችን እናምጣው። አምፕሊፋየር ሲሠራ ውስጡ ከክፍሉ በ20 ዲግሪ ይሞቃል ብንል፣ በግንቦት ድሬ ውስጥ ክፍሉ 35 ሲሆን ውስጡ 55 ይሆናል። ከድሬ 700 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ሐረር ላይ ክፍሉ 25 ቢሆን ውስጡ 45 ነው። በቀን አራት ሰዓት ቢሠራ፣ ድሬ ያለው 11 ዓመት፣ ሐረር ያለው 22 ዓመት ማለት ነው። ግምት ነው፤ ግን ከጀጎል ቤቶች የማወጣው ዕቃ ከእኛው ንጹሕ ሆኖ የማገኘው ለምን እንደሆነ ያስረዳል። ስገዛ ሐረሬ የያዘውን አስቀድማለሁ፣ ድሬዎች ይቅር በሉኝ።

ዳንቴሉን አንሡ። ክዳኑ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ለጌጥ የተሠሩ አይደሉም። ብፌ ውስጥ ዘግታችሁ አታስገቡት፤ ከላይ ቢያንስ አንድ ጋት፣ ከኋላም እንዲሁ ይተንፍስ። ሌላ ዕቃ አትደርቡበት። ቬንትሌተር የምትከፍቱ ከሆነ ከጎን ይንፈሰው፤ በቀጥታ ካነጣጠራችሁት አሸዋውን ያስገባበታል።

ከገበያ ስገዛ ምን ምኑን ልይ?

ከአሸዋ ገበያም ሆነ ከታይዋን፣ ወይም ከሰው ቤት፣ እኔ የማደርገውን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

ሳይሰካ በፊት አሸታለሁ። የተቃጠለ ነገር ሽታ ዓመት ይቆያል። ከዚያ በቀዳዳው በባትሪ ወደ ውስጥ አያለሁ። አቧራ ምንም አይደለም፤ እኩል የተነጠፈ አቧራ እንዲያውም ማንም ያልነካካው መሆኑን ይነግረኛል። የምፈራው ጭቃ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የድሬው ደቻቱ ወንዝ ሞልቶ የሰው ሕይወት ሲቀጥፍና ቤት ሲጠርግ ከውኃ የተረፉ ዕቃዎች በኋላ ታጥበው ተሽጠዋል። ከትራንስፎርመሩ ሥር እንደ ዱቄት የላመ የደረቀ ደለል ካያችሁ ትታችሁት ሂዱ።

የፊውዝ ቤቱን አስከፍታለሁ። በፊውዝ ፋንታ የሲጋራ ብርማ ወረቀት ወይም የሽቦ ክር ካገኘሁ፣ ያ ዕቃ ፊውዝ ደጋግሞ ያቃጠለ፣ ምክንያቱም ያልተፈታ ነው።

ከዚያ ስፒከር ሳይገጠም ይሰካ። ከ3 እስከ 5 ሰከንድ ቆይቶ ውስጡ «ጠቅ» ካለ የስፒከር መጠበቂያው ደህና ነኝ ማለቱ ነው። ጭራሽ ጠቅ ካላለ ችግር አለ፤ ሁሉም ግን ይህ መጠበቂያ የለውም። ቀጥሎ ቴስተር። ዲሲ ሚሊቮልት ላይ አድርጋችሁ፣ ቮልዩሙን ዜሮ አድርጋችሁ፣ አሥር ደቂቃ ከሞቀ በኋላ የስፒከር መውጫውን ቀይና ጥቁር ለኩ። ከ50 ሚሊቮልት በታች ጥሩ ነው። ከ100 ካለፈ ጠጋኝ ይፈልጋል። ንባቡ ከሚሊቮልት አልፎ ሙሉ ቮልት ከደረሰ ስፒከራችሁን ያቃጥላል፤ ይህን ሳትለኩ የራሳችሁን ጥሩ ስፒከር አትግጠሙ። እኔ ለዚህ ከአሮጌ ቴሌቪዥን የወጣች ትንሽ ስፒከር ከረጢቴ ውስጥ አለች።

አሁን ሙዚቃ። ወደ ገበያ ስትሄዱ በቃል የምታውቁትን ዘፈን ስልካችሁ ላይ ይዛችሁ ሂዱ። የኔ የልጅነት ካሴት የዓሊ ቢራ ነው፤ ድሬ የተወለደ ሰው ሌላ ምን ይሆናል። የዑዱ ክር የቱ ጋ መንዘር እንዳለበት ስለማውቀው፣ አንዱ ቻናል ቢደክም ወይም ድምፁ ቢሻክር ሻጩ ሳይናገር አውቃለሁ።

ቁልፉ ሲዞር ቢንኮሻኮሽ አትደንግጡ፤ በኮንታክት ክሊነር የሚጠፋ ቆሻሻ ነው፤ ዋጋ ለማስቀነስ ግን ደንግጣችሁ ታዩ። አንዱ ቻናል ሲሄድ ሲመጣም ብዙ ጊዜ ሪሌው (ያ «ጠቅ» የሚለው) ወይም መቀያየሪያው ስለቆሸሸ ነው።

አንድ የማልነግራችሁ ነገር ነበር፤ ልንገራችሁ ግን። ጭራሽ ድምፅ የማያወጣ፣ መብራቱ ብቻ የሚበራ «የሞተ» አምፕሊፋየር ካገኛችሁ ሁለት ነገር እዩ። ፊቱ ላይ «ቴፕ ሞኒተር» የምትል ቁልፍ ተጭናለች? ከተጫነች አምፕሊፋየሩ ያልተገጠመ ቴፕ እያዳመጠ ነው፤ መልሷት። ከኋላ ደግሞ «ፕሪ አውት» እና «ሜይን ኢን» የሚሉ መሰኪያዎች ካሉ፣ ሁለቱን የሚያገናኙ እንደ ማጠፊያ የተቀለሱ ትንንሽ ብረቶች አሉ? ልጅ ነቅሏቸው ይጠፋሉ፤ ያለ እነሱ ድምፁ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል። አንድ ጊዜ ሐረር፣ ከሸዋ በር «ሞቷል» ተብሎ በብረት ዋጋ የተሸጠልኝን እዚያው ሻይ ቤት ተቀምጬ በሁለት አጫጭር ገመድ አስነሥቼዋለሁ።

ስንት ያወጣል?

ቁጥር አልናገርም፤ ዛሬ የጻፍኩት ለወር አይሆንም። አስተሳሰቡን ግን ልናገር።

በውጭ አገር ገጾች ላይ ያያችሁት ዋጋ የሻጩ ምኞት ነው። እዚያ ያለው ዕቃ ተፈትሾ፣ ካፓሲተሩ ተቀይሮ፣ ዋስትና ተሰጥቶት ሊሆን ይችላል፤ የእናንተው ደግሞ ዳንቴል ሥር ነው የከረመው። 25 ኪሎ ብረት በአውሮፕላን ልኮ የሚያተርፍ ሰው የለም። ስለዚህ ገዢያችሁ እዚሁ አገር ያለ ሰው ነው።

ያ ሰው ሦስት ዓይነት ነው። አንዱ ካፌ ሊያሳምር የሚፈልገው የአዲስ አበባ ሰው ነው፤ ለእሱ ፊቱና የእንጨት ልብሱ እንጂ ውስጡ ጉዳዩ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የተሻለ የሚከፍለውም እሱ ነው፣ ይሄ ያናድደኛል። ሁለተኛው ለጆሮው የሚገዛው ነው፤ ቀስ ብሎ ይፈትሻል፣ ይከራከራል። ሦስተኛው ፈትቶ ለመለዋወጫ የሚሸጠው ነው፤ ትራንስፎርመሩን ይመዝናል።

ስም ዋጋ አለው። ማራንዝ፣ ሳንሱይ፣ ፓዮነር፣ ላክስማን ሲባል ደላላው ጆሮው ይቆማል። ግን ስም ብቻውን አይበቃም። የማራንዝ 2270 ሞዴል በቻናል 70 ዋት ነው፤ የመጨረሻ ሁለት ቁጥሮቹ ዋቱን ይናገራሉ። ያው ስም የተለጠፈበት የ1980ዎቹ መጨረሻ ፕላስቲክ ግን ዘመድ እንጂ ወንድም አይደለም። በተቃራኒው ስማቸው የማይጠራ፣ ግን ክብደት ያላቸው ያማሃና ኬንውዶች በርካሽ ይገኛሉ። እኔ ስገዛ እነሱን ነው።

ሒሳቡ እንዲህ ነው፦ ያው ሞዴል ጤነኛ ሆኖ የሚሸጥበትን ዋጋ ያዙ፤ የጥገናውን ወጪ ቀንሱ፤ ላልታየ ችግር ደግሞ ሌላ ቀንሱ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣው መለዋወጫ ተሰቅሏል፤ ስለዚህ የሚሠራና የማይሠራ አምፕሊፋየር የዋጋ ልዩነት ከቀድሞው ሰፍቷል። «ትንሽ ነገር ነው የጎደለው» የሚል ሻጭ ካለ ትንሿን ነገር አስጠግኖ ያምጣው።

ለትርፍ ብላችሁ አትግዙ። ለመስማት ግዙ።

ጠጋኙ ካፓሲተር በሙሉ ልቀይር አለኝ። ላስቀይር?

ምክንያቱን ጠይቁት። ያበጠ፣ ያፈሰሰ፣ ወይም ተለክቶ ከተጻፈበት የወረደ ከሆነ አዎ። «አሮጌ ስለሆነ» ብቻ ካለ ግን ያልታመመውን ሲነቅል የቦርዱን የመዳብ መስመር ይዞት ሊነሣ ይችላል፤ የ50 ዓመት ቦርድ ሁለተኛ ብየዳ አይወድም። ትንንሾቹን ማስቀየር ብዙ ጊዜ ያዋጣል፤ ትላልቆቹ ሁለቱ ግን በደንብ ከተያዙ ረጅም ይኖራሉ።

ከዚያ በላይ የምፈራው ፎርጅድ ትራንዚስተር ነው። የቶሺባ ስም የተጻፈባቸው ሲ5200 እና ኤ1943 በየገበያው አሉ፤ ብዙዎቹ ውስጣቸው የተጻፈባቸውን አይደለም። ተገጥመው ቀስ ተብሎ ሲሰማ ይሠራሉ፤ ቮልዩም ከፍ ባለች ቀን ስፒከሩንም ይዘው ይሄዳሉ። ኤስቲኬ የሚባሉት ጥቅል ቺፖችም እንዲሁ ናቸው፤ ኦሪጂናሉ መመረት ካቆመ ቆይቷል፣ «አዲስ» ከተባላችሁ ተጠራጠሩ። ከተፈታ የድሮ ዕቃ የወጣ ሠርቶ የሚያውቅ ይሻላል።

ቦርዱ ላይ ቡናማ፣ እንደ ደረቀ ሙጫ ያለ ነገር ካለ አስፋቁት። ካፓሲተር ለመያዣ የተቀባ ሙጫ ነው፤ ሲያረጅ ኤሌክትሪክ ማስተላለፍና የአካባቢውን ሽቦ መብላት ይጀምራል።

መብራት ሲሄድ ሲመጣ ምን ላድርግ?

ሲሄድ ስፒናውን ንቀሉ። ሲመለስ አምስት ደቂቃ ጠብቁ። ቮልት ወርዶ 180 ቢገባ እነዚህ ከባድ ትራንስፎርመር ያላቸው ዕቃዎች ደከም ብለው ይጫወታሉ እንጂ ብዙ አይጎዱም። የሚገድላቸው ሲመለስ ዘሎ የሚገባው ነው። ስታቢላይዘር ጥሩ ነው፤ ግን አቅሙ ከሚስበው በእጅጉ ይብለጥ፤ ፍሪጁን ከያዘው ጋር አታዳብሉት።

ስልኬን እንዴት ላገናኘው?

በኦክስ ወይም በቴፕ መግቢያ። ብሉቱዝ መቀበያ ገዝታችሁም ከዚያው መሰካት ይቻላል። «ፎኖ» በሚለው ግን በጭራሽ፤ እሱ ለሸክላ ማጫወቻ ነው፣ የሚጠብቀው ጥቂት ሚሊቮልት ነው። ስልክ በመቶዎች ይልክበታል፤ ድምፁ ይሰነጠቃል፣ ከዚያ «አምፕሊፋየሩ ተበላሽቷል» ብላችሁ ትደውሉልኛላችሁ። የአውሮፓ ዕቃ ከሆነ፣ ግሩንዲግ ወይም ፊሊፕስ፣ መሰኪያው ባለ አምስት ቀዳዳ ክብ ሊሆን ስለሚችል መቀየሪያ ገመድ ፈልጉ።

«ላውድነስ» የምትለው ቁልፍ ምንድን ናት?

ለበርጫ የተሠራች ናት ብል ማጋነን አይሆንም። ፍሌቸርና ሙንሰን የሚባሉ ተመራማሪዎች በ1933 እንዳሳዩት፣ ድምፅ ዝቅ ሲል ጆሮ ወፍራሙን ከመሐለኛው ይልቅ አብልጦ ያጣዋል። ከሰዓት በኋላ፣ ሰው ሽርጡን አገልድሞ ተጋድሞ፣ ወሬው ቀዝቅዞ፣ ሙዚቃው ከወሬው በታች ሲደረግ ቤዙ የሚጠፋው ለዚህ ነው። ላውድነስ ያንን ትመልሳለች። ቮልዩም ከፍ ስታደርጉ አጥፏት፤ አለበለዚያ ክራሩ ከበሮ ይመስላል።

ስፒከር አራት ብገጥምበትስ?

ከኋላ የተጻፈውን ዝቅተኛ ኦም (ስፒከሩ ኤሌክትሪኩን የሚቋቋምበት መለኪያ) እዩ። ሁለት ባለ 8 ኦም በአንድ መውጫ ላይ ጎን ለጎን ሲገጠሙ 4 ይሆናሉ። ሰሌዳው 4 ይፈቀዳል ካላለ አታድርጉት፤ በተለይ በድሬ ሙቀት።

የቫልቭ አምፕሊፋየር አግኝቻለሁ፤ ልክፈተው?

አትክፈቱት። ውስጡ ከ300 ቮልት በላይ አለ፤ ስፒናው ከተነቀለም በኋላ ካፓሲተሮቹ ይዘውት ይቆያሉ። ያማረ ዕቃ ነው፣ የሚያሞቀው ግን ቤቱንም ጭምር ነው። ለሐረር ክረምት እሺ።

ያው አምፕሊፋየር እኅቴ ቤት ሐረር ሲያምር፣ እኔ ቤት ለምን ያስተጋባል?

ክፍሉ ነው። የሐረሬ ቤት ነደባው (ከፍ ብሎ የተሠራው መቀመጫ መደብ) ላይ ምንጣፍ፣ ትራስና መከዳ ተደርድሯል፤ ግድግዳው በሙዳይና በሰፌድ ተሞልቷል። ድምፁን የሚውጥም የሚበትንም ሞልቶታል። ያንተ ቤት ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ወለሉ ባዶ ሊሾ ከሆነ ድምፁ የሚጫወተው ኳስ ነው። አምፕሊፋየር ከመቀየርህ በፊት ከስፒከሩ ፊት ለፊት ምንጣፍ አንጥፍ፤ ስፒከሩንም ከማዕዘኑ ሁለት ክንድ ያህል አርቀው። ከምንም ማሻሻያ በላይ ታገኝበታለህ፣ ምንጣፉም እናትህ ጋ ተጠቅልሎ ቆሞ ይሆናል።

ከሐረር ገዝቼ ወደ ድሬ ላወርደው ነው፤ እንዴት ልያዘው?

ከሚኒባስ ጣሪያ ላይ አይጫንም። ደንገጎ ላይ መንገዱ ሲጠማዘዝ ትራንስፎርመሩ በራሱ ክብደት ቦርዱን ይሰነጥቀዋል፤ አንድ ሁለቴ አይቻለሁ። ወንበር ግዙለት፤ እግሩ ወደታች ሆኖ፣ ከሥሩ የታጠፈ ብርድ ልብስ፣ ፊቱ ወደ ወንበሩ መደገፊያ ተደርጎ ቁልፎቹ እንዳይመቱ። ድሬ ሲደርስ ባጃጅ ውስጥ ጭናችሁ ላይ ያዙት። ቤት እንደገባ ደግሞ አትሰኩት፤ ከሐረር ብርድ የመጣ ብረት የእኛን አየር ሲያገኝ ውስጡ ሊያልበው ይችላል። ክዳኑ እንደ ክፍሉ እስኪሞቅ ይቀመጥ፣ ያው ለማግስቱ ይደር።